የጋሼ ሸቭሮሌትና የአባቴ ላዳ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያደገ ሰው መኪናን የሚመዝነው በዳገት ነው። ቆንጆ ናት፣ አዲስ ናት፣ ትበራለች ብትሉት አይሞቀው አይበርደው። የሚጠይቃችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዳገቱን በስንት ማርሽ ትወጣዋለች?» በኛ ሰፈር አንድ ሰው መኪና ሲገዛ መጀመሪያ ጠበል ይረጫል፣ ቀጥሎ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ይነዳል። በሁለተኛ ከወጣች እልል ይባላል። በአንደኛ ከወጣች ዝም ይባላል። ውሃ አፍልታ ከቆመች ጎረቤት ጀሪካን ይዞ ይወጣል።

እናላችሁ፣ ልጅ ሳለሁ ሰፈሩ ውስጥ ሁለት መኪኖች ነበሩ፤ ለኔ ማለቴ ነው። አንዷ የአባቴ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ። ሌላዋ ከኛ ሦስት አጥር አልፎ ሸራ ለብሳ የምትኖረው የጋሼ ሸቭሮሌት ኢምፓላ። (ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው ያነቡኛል።) ጋሼ በጃንሆይ ዘመን ትልቅ ደመወዝተኛ ነበሩ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ፣ ሸራውን ገፈው ያጥቧታል፤ እኛ ባልዲ እናቀብላለን። ሞተሯ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ወንበሯ ላይ ግን ተቀምጫለሁ። ከቤታችን ሶፋ ይሰፋል።

ዛሬ ሰው ተሰብስቦ የድሮ መኪና ወሬ ሲነሳ «የአሜሪካ መኪና እኮ ነበር መኪና!» የሚል አይጠፋም። እኔም ብያለሁ። በኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ከነከነኝ። የምናፍቃት ኢምፓላ ያሳደገችኝ አይደለችም። ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ፣ እናቴን ለምጥ የወሰደች፣ እንጀራችንን የጋገረችው ላዳ ናት። ታዲያ ለምንድነው ናፍቆቱ ለቆመችው፣ ድካሙ ለሮጠችው የሆነው?

መጀመሪያ የኢምፓላን አገር እንይ። አሜሪካ ውስጥ የመኪና ስም እንደ ሃይማኖት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነገር ነበር። «እኛ የፎርድ ቤት ነን»፣ «እኛ የሸቭሮሌት ቤት ነን» ይባባላሉ። ይሄ ፍቅር እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። የጄኔራል ሞተርስ አለቃ የነበረው አልፍሬድ ስሎን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለእያንዳንዱ ኪስ የሚሆን መኪና የሚል መሰላል ዘረጋ። ጀማሪው በሸቭሮሌት ይገባል፤ ደመወዝ ሲጨምር ፖንቲያክ፣ ከዚያ ኦልድስሞቢል፣ ከዚያ ቢዊክ፣ ጡረታ ሲቃረብ ካዲላክ። ሰውዬው ዕድሜውን በሙሉ ከአንድ ድርጅት ቤት ሳይወጣ ይኖራል። በ1965 እ.ኤ.አ. ኢምፓላ በዚያች አንድ ዓመት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። ርዝመቷ 5.4 ሜትር ገደማ ነው። አባት፣ እናት፣ አራት ልጅ፣ ውሻ፣ ሁሉም ይገባል። መንገዱ ሰፊ፣ ቤንዚኑ ርካሽ፣ ጋራዡ በየማዕዘኑ። እንዲህ ባለ አገር ታማኝ መሆን አያቅትም።

የኛን ነገር ለመረዳት ደግሞ ከአራት ኪሎ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ተሳፈሩ። ቀበና አካባቢ ስትደርሱ በእንጦጦ ግርጌ ኤምባሲዎቹ ተደርድረዋል፦ ሩሲያ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ከፍ ብሎ ወደኛ ፈረንሳይ። የዱሮዎቹን ለጋሲዮኖች እዚህ ያሰፈሯቸው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። የመኪና ታሪካችንን ከዚሁ ሰልፍ ማንበብ ይቻላል። (አሜሪካኖቹ ብቻቸውን ወዲያ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው መንገድ ላይ ናቸው።)

ቀዳሚዎቹ እንግሊዝና ጀርመን ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የምትባል ሌላ መኪና ይዞ ተከተለው። የሁለቱም ዓይን ምኒልክ ላይ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም መኪና አገኙ፣ ከተማውም ጉድ አለ። ግን እስቲ ዛሬ «እኔ የሲድሌይ ሰው ነኝ» የሚል አንድ ሽማግሌ ፈልጉልኝ። የለም። መኪናዋ ስትመጣ ቡሎን አስከትላ አልመጣችም፤ የሚፈታትና የሚገጥማትም ሰው አልነበረም።

ያንን ያመጣው፣ ስናገረው ቢያመኝም፣ ጣሊያን ነው። አምስት ዓመት ተቀምጦ ተባረረ፤ ጋራዡ ግን ቀረ። አባቴ በጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አይመሠርትም። ኮፈኑን ሲከፍት ግን ሮም የተወለደ ይመስላል፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ጎማ። ጣራ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶመጋላ እንኳ የጣሊያን ልጅ ነው፤ አፋችን ውስጥ ትንሽ ተጣመመ እንጂ። የከባድ መኪና ሾፌሮች «ኤንትሬ» ብለው የሚያሞካሹት ፊያትም የዚሁ ዘር ነው። በእንግሊዝኛ «ክላች» ብትሉት ሰፈራችን ያለው መካኒክ ይገባዋል፤ ግን እንደ እንግዳ ያያችኋል።

ስለዚህ በኋላ ሰይቼንቶ ስትመጣ ቤቷ ነበር የገባችው። ሰይቼንቶ ማለት ፊያት 600 ናት፤ ርዝመቷ ከሦስት ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ የመጀመሪያዎቹ ሞተር 633 ሲሲ። የኢምፓላ ትንሹ ሞተር እንኳ 3.8 ሊትር ገደማ ነው፤ ስድስት ሰይቼንቶ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ እዚህ ላይ ማንኛውም ካርቡራተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ትልቁም ይደክማል ትንሹም ይደክማል፤ ልዩነቱ ትንሹ ሲደክም የሚጠጣው ቤንዚን ኪስ አይቀድም። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ሰይቼንቶ የከተማዋ ታክሲ የሆነችው በውበቷ አልነበረም።

ይህቺ ሚጢጢ ታክሲ ደግሞ ታሪክ ሠርታለች። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥት ቤንዚን ላይ ግማሽ ያህል ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አብረው ቆሙ። ከተማው ተናወጠ፣ መንግሥት የጨመረውን ዋጋ በከፊል መልሶ ቀነሰ፣ ነገሩ ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር። ከሰባት ወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወሰደቻቸው ቮልስ ናት። ያን ሁሉ የተንጣለለ መኪና የነበራቸው ሰውዬ በቮልስዋገን የኋላ ወንበር ሄዱ። አብዮቱ ባለታክሲ ጀመረው፣ ቮልስ ጨረሰችው ብል ማጋነኔ ነው፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም።

(ቮልስን በክፉ አንሥቻት እንዳላልፍ፦ ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ ራዲያተር የሌላት ደግሞ ዳገት ላይ ውሃ አታፈላም። የሰፈራችን ጀሪካን ለቮልስ ወጥቶ አያውቅም።)

የጋሼ ሸራም ከዚያ ዘመን ነው። ልጅ ሆኜ ለአቧራ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ አባቴ እንደነገረኝ፣ ሸራው የተሸፈነው ከቀበሌ ዓይን ነው። ትርፍ ቤት በተወረሰበት፣ «አድኃሪ» መባል ራስ በሚያስበላበት ዘመን ኢምፓላ እያንቀሳቀሱ መገናኛ ድረስ መንሸራሸር ጤና አልነበረም። ቀጥሎ ደግሞ ሚያዝያ 1969 ደርግ አስመራ ያለውን ቃኘው ጣቢያ ጨምሮ የአሜሪካኖቹን መሥሪያ ቤቶች ዘጋ። መንግሥት ፊቱን ወደ ሞስኮ አዞረ፤ ለሸቭሮሌት ዕቃ ማግኘትም ጭንቅ ሆነ። ጋሼ አንድ የተሰበረ የውሃ ፖምፓ ለዓመታት በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠው ነበር፤ አንድ ቀን ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ይዞልኝ ይመጣል እያሉ።

ሩሲያ ላዳን ሰደደችልን። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ጣፋጭ የሚሆነው። ላዳ ሩሲያዊት አይደለችም! ሶቪየቶች በ1966 እ.ኤ.አ. ከፊያት ጋር ተዋውለው ፊያት 124ን በፈቃድ ያመርቱ ጀመር። ፋብሪካው የተተከለበት ከተማ ቶልያቲ ይባላል፤ በጣሊያኑ ኮሙኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶልያቲ ስም። ለራሳቸው መንገድና ክረምት እንድትሆን ከ800 በላይ ነገሮች ለወጡባት፦ ቆርቆሮዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላ ፍሬኗን ቀየሩት፣ ባትሪ በብርድ ቢሞት በእጅ በሚዞር ብረት የምትነሳበት ቀዳዳ ጨመሩላት። ለሩሲያ በረዶ የታሰበው ሁሉ ለፈረንሳይ ኮረብታ ልክ ሆኖ ተገኘ። አባቴ የመጀመሪያዋን ላዳ ኮፈን ሲከፍት የሚያውቀውን ሰው እንዳገኘ ደስ አለው ይላል። ካንዴላው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮኑ ፍሪሲዮን።

እንግዲህ የኛ ታማኝነት ይሄው ነው። አባቴን «ለምን ላዳ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ስለ ፋብሪካው አንዲት ቃል አይነግራችሁም። «እሱ አለ» ይላችኋል። «እሱ» መካኒኩ ነው፤ ከቤታችን ቁልቁል ሁለት መቶ ሜትር፣ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ሳጥን ላይ ተቀምጦ። አሜሪካዊው ለስሙ ታመነ፤ እኛ ለመካኒኩና ለሶማሌ ተራ ታመንን። ዲኤክስ ኮሮላ እንዴት አገሩን እንደወረሰች አስቡ። ማስታወቂያ አይቶ የገዛት ሰው አላውቅም። የገዛት ሁሉ ጎረቤቱን ጠይቆ፣ ዕቃዋ እንደ ሽንኩርት በየሱቁ እንዳለ አረጋግጦ ነው። ከዚያ ዓመት ባለፈ ቁጥር ዋጋዋ ጨመረ፤ የመኪና ዋጋ ባረጀ ቁጥር ይቀንሳል የሚለው የዓለም ሕግ ቃሊቲ ኬላ ላይ ቀረ። ዲኤክስ የባንክ ደብተር ሆነች፤ ሰው ልጁን ሊድር ሲል ይሸጣታል።

አጎቴ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እንደ ብዙ የአገራችን ሰው። ዓመታቱን የፈጀው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ላይ ነው፤ ያቺ ፖሊስም ታክሲም የሆነች ግዙፍ። ኢምፓላን በሸራ ሥር ያየ ልጅ አሜሪካ ሄዶ የኢምፓላን የአጎት ልጅ ነዳ ብዬ ስቀናበት፣ በስልክ ሳቀብኝ። «ቤንዚን ስትጠጣ አላየሃትም» አለ። ፎርድ በ2011 እ.ኤ.አ. ማምረቱን ሲያቆም አጎቴ አላለቀሰም፤ ፕሪየስ ገዛ። እዚያም ሆኖ የኛው ሰው ነው።

ጋሼ ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ኢምፓላዋን ሸጧት። ገዢው ሞተሯን አውጥቶ የቶዮታ ሞተር ገጠመላትና ለሠርግ ያከራያታል። ከደብረ ዘመዳ ይሁን ከየት እንጃ አንድ ቅዳሜ በአበባ ተሸፋፍና ሳያት መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ድምፁን ሰማሁት። የጎረቤታችን ሚኒባስ ድምፅ ነበር።

አሁን ደግሞ ወቅቱ ተገላብጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ቀረጥ አነቀው። በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። የቤንዚን ወረፋ ላይ ቆሞ ያደረ ሰው ይሄን ሲሰማ አይከፋውም፤ እኔም አልከፋኝም። ከዚያ ቮልስ ተመለሰች! ቻይና ተሠርታ፣ አይዲ በሚል ስም፣ በባትሪ።

የአክስቴ ልጅ አንዷን ገዝቶ ባለፈው ለጥምቀት ሰፈር መጣ። ዳገቱን እንደ ድመት ድምፅ ሳታሰማ ወጣችው። አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«በስንተኛ ወጣች?» አለው።

«ማርሽ የላትም አባባ።»

አባቴ ዝም አለ። መካኒኩም ከባሕር ዛፉ ሥር ተነሥቶ መጥቶ ነበር፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዞራት፣ ኮፈኗን አስከፈተ፣ አየ፤ የሚያውቀው ነገር የመጥረጊያ ውሃ ማጠራቀሚያው ብቻ ነበር። «ስትበላሽስ ማን ጋ ነው የምትወስዳት?» አለ። የአክስቴ ልጅ ከተማ ውስጥ አንድ የሚያውቅ ቦታ እንዳለ፣ ወረፋው ግን ረጅም እንደሆነ ነገረው። መካኒኩ ራሱን ነቅንቆ ቁልቁል ወረደ። የአባቴ ላዳ ፍሪሲዮኗ ወርዶ ዛፉ ሥር እየጠበቀችው ነበር።