አሮጌው ጠብመንጃና የእኛ ለቅሶ



ለዚህ ዓመት መጽሔታችን አንድ ነገር እንድጽፍ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ ብዙ ቀን አሰላሰልሁ። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ቢሆንም ባለፈው ዓመት በአንድ አባላችን ቀብር ላይ የሆነው ነገር ከልቤ ስላልወጣ፥ ስለ እርሱ ብጽፍ ይሻላል አልሁ።

ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ሬሳው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ከበስተኋላ ጠብመንጃ ተተኮሰ፤ አንዴ፥ ሁለቴ። የሟች አባት አርበኛ ስለ ነበሩ ዘመዶቹ ለክብር ነው ያሉት። አንዲት እናት ደንግጠው ወደቁ፤ ሕፃናት አለቀሱ። ከጎኔ የቆሙት የጌዴኦ ሽማግሌ ግን አልደነገጡም። ፊታቸውን ወደ ቡናው ማሳ አዞሩ እንጂ። ድንኳን ገብተን ቡና ስንጠጣ ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንተ ይህን ድምፅ ክብር ትለዋለህ። በእኛ ቤት ግን የሚያስታውሰን ሌላ ነው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ብረት ከየት መጥቶ እዚህ ደረሰ? እያልሁ ሳስብ ቆየሁ። ያወቅሁትን እነሆ።

ወደ አገራችን የገባው ጠብመንጃ አብዛኛው ሌላው ዓለም የጣለው ነበር። አውሮፓውያን አዲስ መሣሪያ ባወጡ ቁጥር አሮጌውን በመጋዘን ከሚያበሰብሱት ለነጋዴ ይሸጡታል፤ ነጋዴው በታጁራ ወይም በጅቡቲ አድርጎ ያመጣዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የፈረንሳይ ጦር ግራ የተባለውን 11 ሚሊ ሜትር ጠብመንጃ ያዘ። በ1886 ደግሞ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰው ለበል ስለ ወጣ ግራ አሮጌ ሆነ። እንግዲህ እኛ ውጅግራ የምንለው ይኸው ነው፤ በፈረንሳይኛ «ፉዚ ግራ» የሚባለው በአፋችን ተለውጦ ነው። ለበልም ለበን ሆነ። የእንግሊዙ ስናይደር ስናድር፥ የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር ተባለ። ዛሬ ሽማግሌ ሁሉ በዘፈንና በፉከራ የሚጠራቸው ስሞች የውጭ አገር መኮንኖችና የመሣሪያ ፈልሳፊዎች ስሞች ናቸው ማለት ነው።

በዚህ ንግድ ከገቡት አንዱ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ረምቦ ነበር። ቅኔውን ትቶ ጠብመንጃ ነጋዴ ሆነና በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ በበረሃ በግመል አስጭኖ ሸዋ ገባ። ያመጣው በአውሮፓ ዋጋ ያጣ፥ በካፕሱል የሚተኮስ አሮጌ መሣሪያ ነበር። ዳሩ ግን ምኒልክ የዋዛ ገዢ አልነበሩም፤ ዋጋውን ቆርጠው፥ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ቀንሰው ስለ ከፈሉት ነጋዴው እያማረረ ተመለሰ። የገዢው ብልኅነት በኋላ ታየ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጠላትን የመለሰው ሠራዊት ከያዘው መሣሪያ ብዙው በዚህ ዓይነት ከየአገሩ የተሰበሰበ ነበር። ከፊሉንም የሰጠችን ራስዋ ጣሊያን ነበረች፤ ከውጫሌ ውል በኋላ ወዳጅ መስላ።

ይህ የሚያኮራው ታሪክ ነው። ሌላም ታሪክ አለ፤ እርሱን ግን ጮኸን አንናገረውም። ያው ጠብመንጃ ወደ ደቡብም ወርዷል። ጌዴኦ፥ በንጉሡ ዘመን በመንግሥት መዝገብ ደራሳ ይባል የነበረው አገር፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ተያዘ። ከአድዋ በኋላ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ሲዳሞን ሲገዙ ወታደሩ በገንዘብ ደመወዝ ፈንታ በማዕረጉ ልክ ገባር ይሰጠው ነበር። ገባሩ ቡና ይለቅማል፥ እንጨት ይሸከማል፥ ቤት ይሠራል፥ እህል ይፈጫል። ነፍጥ ያለው ነፍጠኛ ተባለ፤ ነፍጥ የሌለው ገባር ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያ ብረት ብቻ ነበር ብል ብዙ አልተሳሳትሁም። በመካከለኛው ዘመን በጎራዴ የሆነው፥ እዚህ በውጅግራ ሆነ።

ጥይት እንኳ ራሱ ገንዘብ ነበር። ጠገራ ብር ለጥቃቅን ዕቃ ስለሚከብድ፥ በብዙ ገበያ ሰው አሞሌ ጨውና የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ይቀባበል ነበር። ዝናር የታጠቀ ሰው ቦርሳውን በወገቡ ታጥቆ ሄደ ማለት ነበር።

ጠብመንጃ በያዘው ሰው ላይም ይፈርዳል። በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ መጡ። እርሳቸው ቤተ መንግሥት ግብር ሲበሉ፥ ከከተማው ዳር ሰፍሮ የነበረው ወታደራቸው ገንዘብ እየተሰጠው ተበተነ፤ መሣሪያውንም አስረከበ ይባላል። ማታ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ! ሹመታቸውም በዚያው አለቀ። ያ ሁሉ ጠብመንጃ አንዲት ጥይት ሳይተኮስበት ከእጅ ወጣ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በ1922 ዓ.ም. ነሐሴ ስለ መሣሪያ ንግድ ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ውል ተፈርሞ፥ እኛ ቤልጅግ የምንለው የቤልጅየም ማውዘር መግባት ጀምሮ ነበር። ሆኖም ጦርነቱ ሊጀምር ሲል በራችን ተዘጋና አብዛኛው ዘማች ያንኑ የአያቱን ብረት ይዞ ወጣ። የሲዳሞ ገዢ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠውም በዚህ በደቡብ ግንባር ተዋግተው የካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። በ1933 ዓ.ም. ግንቦት የጎልድ ኮስት፥ የዛሬዋ ጋና፥ ወታደሮች የጣሊያንን ምሽግ ዋደራ ላይ ሰብረው ወደ ዲላ አቅጣጫ ሲመጡ፥ ጣሊያን የጣለው መሣሪያ በየጫካው ቀረ። ያገኘ ወሰደ። የወሰደ ደበቀ።

እዚህ ላይ የራሴን ላንሣ። በ1953 ዓ.ም. እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ በቡና ገንዘብ አንድ የጣሊያን ምንሽር ገዛ። ዓመት አልሞላም፤ በ1952 ዓ.ም. ምጭሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬዎች በባለ መሬቶች ላይ ተነሥተው ብዙ ሰው ያለቀበት ጊዜ ገና ትኩስ ነበር። ገበሬው የያዘው ባብዛኛው ጦርና ቆንጮራ፥ የተተኮሰበት ግን ጠብመንጃ ነበር። በከተማችን የሚፈራ ሁሉ መሣሪያ ፈላጊ ሆነ። አባቴም ፈርቶ ነው የገዛው፤ ይህን ለማመን ብዙ ዘመን ፈጀብኝ።

ጠብመንጃው ሃያ ዓመት ያህል በጣራ ሥር ተጠቅልሎ የኖረ ነው። ወደ ቤት ሲመጣ የደረቀ ቅባትና ጥቀርሻ ይዞ ነበር። ጎረቤታችን የድሮ ወታደር ነበሩ፤ ባሻዬ እንላቸዋለን። አባቴ «ባሻዬ፥ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ጠራቸው። እርሳቸውም መጀመሪያ መዝጊያውን ስበው ከፈቱና ጣታቸውን ከተው ጥይት አለመኖሩን አረጋገጡ። «ባዶ ነው ያለህን ሰው አትመን፤ ጣትህን እመን» አሉ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ እናቴን የፈላ ውሃ ጠየቁ። እናቴ «ብረት በውሃ? አይዝግም?» አለች። ባሻዬ ሳቁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የድሮ ጥይት ካፕሱል ሲቃጠል በቱቦው ውስጥ ጨው የመሰለ ነገር ይተዋል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ እንደ ዲላ ባለ ዝናምና ጉም በሚበዛበት አገር ብረቱን በአንድ ክረምት ይበላዋል። ጨውን ቅባት አያወጣውም፤ የሚያወጣው ውሃ ነው። ውሃው የፈላ ከሆነ ብረቱ ስለሚግል ወዲያው ይደርቃል። እንግዲህ በጥሩንባ አፍ እየቀዱ አፈሰሱት፤ የወጣው ውሃ እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነበር። ቀጥሎ ጨርቅ በሲባጎ አስረው ከኋላ ወደ ፊት እየሳቡ ወለወሉት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እኔ ነበርሁ ቆራጩ፤ የአባቴ አሮጌ ሸሚዝ በዚያ አለቀ። በመጨረሻ ቱቦውን ወደ ፀሐይ አዙረው በአንድ ዓይናቸው አዩ። ለእኔም አሳዩኝ። በውስጡ የተጠማዘዘው ቦይ እንደ ሸንኮራ አገዳ ልጣጭ ያበራ ነበር፤ አጠገቡ ግን ዝገት የበላቸው ጉድጓዶች ነበሩ። «ይህ ጠብመንጃ ታሟል» አሉ።

አባቴ ግን መተኮስ ፈለገ። ባሻዬም በትከሻህ አይሆንም ብለው፥ ከከተማ ውጭ ወጥተን ጠብመንጃውን በግንድ ላይ በገመድ አሰሩት። ፊቱ ገደል ነው፥ ሰውም ከብትም የለም። ምላጩ ላይ ረጅም ሲባጎ አስረው ሁላችንም ከጉብታ ኋላ ተኛን። ሳቡት። ቀጭ አለ፤ ምንም የለም። አባቴ ሊነሣ ሲል ባሻዬ ልብሱን ይዘው አስቀመጡት። «ያረጀ ጥይት ዘግይቶ ይናገራል፤ ቆይ።» ብዙ ቆየን። ሁለተኛው ጥይት ተኮሰ፤ ገደሉ አስተጋባ። ሄደን ስናይ ቀለሃው ከጎኑ ተሰንጥቋል። በትከሻው አስደግፎ ቢተኩስ ኖሮ እሳቱ ወደ ፊቱ ይመጣ ነበር። አባቴ ከዚያ በኋላ ጠብመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው እንጂ አልተኮሰበትም። በአብዮቱ ጊዜ እንዲያስረክብ ታዘዘና አስረከበ፤ ደረሰኝ ግን አልተሰጠውም። እናቴ ደስ አላት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጠብመንጃ ማጽዳት ላስተምራችሁ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ መንደር ለቅሶ ላይ አንድ ወጣት የአባቱን ውጅግራ አውጥቶ ለክብር ሲተኩስ አይቻለሁ። ለመወልወል የገባ ጨርቅ ቱቦው ውስጥ ተረስቶ ነበር። ብረቱ ፈነዳ፤ ልጁ ሁለት ጣቶቹን አጣ። ለአንድ ሟች የመጣን ሰዎች ለሁለት አለቀስን። ያን ቀን ያ ባሻ ቢኖሩ ኖሮ እላለሁ።

ዛሬ ደግሞ ዘመኑ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ግን ሕጉን ብቻ ብዬ አልተውም፤ ሕግ የሚፈራው ፖሊስ ሲኖር ነውና። የሚበልጠው የእድራችን ነገር ነው።

እስቲ ራሳችንን እንይ። በእድራችን መዝገብ የነፍጠኛ የልጅ ልጅ አለ፤ የገባር የልጅ ልጅ አለ፤ ከጉራጌ፥ ከአማራ፥ ከኦሮሞ፥ ከሲዳማ መጥቶ ዲላ ላይ ሱቅ የከፈተ አለ። ወርኃዊ መዋጮው ለሁሉም እኩል ነው። ቃሬዛውን የምንሸከመው በተራ ነው፤ ድንኳኑም አንድ ነው። አያቶቻችንን የለየው ብረት ነበር፤ እኛን ያገናኘን ቃሬዛ ነው። ታዲያ ሁላችን በአንድነት ባለቀስንበት ሰዓት ከመካከላችን አንዱ ያን ድምፅ ሲያሰማ፥ አንዱ አባቱ አርበኛ መሆኑን ያስታውሳል፤ ሌላው አያቱ የተጋዘበትን ቀን ያስታውሳል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ለማክበር ሌላውን ማቁሰል ግን የእድር ሥራ አይደለም።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለው እንዲታይልኝ በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፥ በእድራችን ቀብርና ለቅሶ ላይ ተኩስ እንዳይኖር በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ። ሁለተኛ፥ አርበኛ ለነበሩ ወይም የአርበኛ ልጅ ለሆኑ ሟቾች ክብር እንዳይጎድል፥ የሕይወት ታሪካቸው በቀብሩ ላይ በዝርዝር ይነበብ፤ ሰንደቅ ዓላማና ኒሻን ካለ ይያዝ። ሦስተኛ፥ የጌዴኦ ሽማግሌዎቻችንም የአባቶቻቸውን ታሪክ በዚሁ መጽሔት እንዲጽፉ፥ መጻፍ ለማይችሉት ልጆቻችን ተቀምጠው እንዲጽፉላቸው ይደረግ። የሟችን ስም ከጥይት ይልቅ ወረቀት ይጠብቀዋል።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ከመስጠቴ በፊት ለእኚያ ሽማግሌ አነበብሁላቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ «የአባትህ ጠብመንጃ ታሟል ያሉት ሰውዬ ጥሩ ሐኪም ነበሩ» አሉኝና ሳቁ። ቀጥለውም ለሦስተኛው ሐሳብ መጀመሪያ እርሳቸው እንደሚናገሩ ቃል ሰጡኝ። እኔም ደብተሬን ገዝቻለሁ።

እግዚአብሔር ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ላለነው ሰላምና ጤና ይስጠን።

አንድ የእድሩ አባል፥ ዲላ