የካርላ ምስጢር

«ሶፕ ኦፔራ» የሚለው ስም የመጣው ከሳሙና ማስታወቂያ ነው። የአሜሪካ የቤት እመቤት ልብስ እየተኮሰች የምታየው የቀን ድራማ ወጪው የሚሸፈነው በሳሙና ፋብሪካዎች ነበር። ጥቁር ሰው በዚያ ድራማ ውስጥ ብቅ ካለም፣ አብዛኛውን ጊዜ አሽከር ወይም ገረድ ሆኖ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኤቢሲ «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ»ን ጀመረ። ቀላ ያለችው ጥቁር ተዋናይት ኤለን ሆሊ ካርላን ሆና ተጫወተች። ተመልካቹ ለወራት ነጭ መስላው ወደዳት። ከነጭ ሐኪም ጋር ስትታጭ ማንም ምንም አላለም፤ ጥቁር ሐኪም ስትስም ግን ቁጣው ወረደ! ከዚያ በኋላ ነው ምስጢሩ የወጣው፦ ጥቁሯ የሆስፒታል ሠራተኛ ሴዲ ግሬይ እናቷ ናት። ለመሆኑ ካርላ ምኗ ተለወጠ? ፊቷ ያው፣ ድምጿ ያው። ተመልካቹ የተፋረደው ከገዛ ዓይኑ ጋር ነው።

ይሁን እንጂ ድራማው በዝና ሲከብር ሆሊ አልከበረችም። በ1985 ተሰናበተች፤ በ1996 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳም ደመወዟ ከነጮቹ ባልደረቦቿ ያነሰ እንደነበር ጻፈች። ጥቁር ቤተሰብን ገና ከመነሻው ዋና ያደረገው የኤንቢሲው «ጄኔሬሽንስ» በ1989 ተጀምሮ በ1991 ቆመ። በ2025 ደግሞ ሲቢኤስ በአንድ ባለጸጋ ጥቁር ቤተሰብ ዙሪያ «ቢዮንድ ዘ ጌትስ»ን ጀመረ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ በመስኮቱ ማን ታየ ብለን ብቻ አንጠይቅ። ለታየው ሰው ስንት ተከፈለው? ብለንም እንጠይቅ እንጂ!