ሰቆጣ ላይ ቤት በድሮን ለመቅረጽ አስባችኋል? ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቤቱ ሰቆጣ ነው፤ ገዢው ግን አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ሊሆን ይችላል። ደላላው በስልኩ አንስቶ የሚልካት የበር ፎቶ ስለ ግቢው ስፋት፣ ስለ መግቢያ መንገዱ፣ ቤቱ ሜዳ ላይ ይሁን ተዳፋት ላይ ምንም አትናገርም። ከላይ የተነሳ አንድ ጥሩ ምስል ይህን ሁሉ በአንዴ ያሳያል። ቤት፣ ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ በድሮን እየቀረጹ መሥራት ብዙ ወጣቶችን የሚስበውም ለዚህ ነው።

ሥራው ጥሩ ነው። ብቻ ዋግ ኽምራ ላይ የድሮን ምርጫ የሚጀምረው ከካሜራው ሳይሆን ከፈቃዱ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ገንዘባችሁም እናንተም ችግር ላይ ትወድቃላችሁ። አንድ በአንድ እንየው።

1. መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ግዢ

በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ብዙዎቻችን ኢንሳ ከምንለው መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። የአየር ክልሉን በረራ የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ በሻንጣ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ «ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞልኝ ይምጣ» ብላችሁ ዘመዳችሁን ችግር ውስጥ አትክተቱ።

«ከ250 ግራም በታች ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚለው ወሬ የመጣው ከውጭ አገር ቪዲዮዎች ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳ በድሮን ለክፍያ የሚሠራ ሰው፣ ድሮኑ የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን፣ የአብራሪነት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። አፕሊኬሽኑ «መነሳት ትችላለህ» ማለቱም ፈቃድ አይደለም። አፑ ስለ ሰቆጣ የጸጥታ ሁኔታ የሚያውቀው ነገር የለም።

2. «ድሮን» የሚለው ቃል እዚህ ሌላ ትርጉም አለው

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ድረስ ገብቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። በክልሉ በድሮን ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በሪፖርቶቻቸው አስፍረዋል።

ድምፁን ከላይ የሰማች እናት ልጇን ይዛ ትሮጣለች እንጂ «የፎቶ ነው ወይስ የጦር?» ብላ አትጠይቅም። መሣሪያ የያዘ ሰው ደግሞ ሊተኩስ ይችላል፤ መቆጣጠሪያውን ይዞ የተገኘ ወጣት በሰላይነት ሊጠረጠር ይችላል። ስለዚህ የፌዴራሉ ፈቃድ በእጃችሁ ቢኖርም የከተማው አስተዳደርና የጸጥታ አካላት ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን አስቀድመው ይወቁ። ለጎረቤትም ቤት ለቤት ሄዳችሁ ተናገሩ። በገበያ ቀን፣ በለቅሶ፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ላይ አታብርሩ። የጸጥታው ሁኔታ የማይፈቅድ ከሆነ ድሮኑን ተዉትና በቀጥታ ወደ 6ኛው ነጥብ እለፉ።

3. ለዋግ ከፍታ የሚሆነው የትኛው ነው?

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ድሮኑ አየር ላይ ለመቆየት ክንፎቹን በፍጥነት ማሽከርከር አለበት፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃ የተለካው ነፋስ በሌለበት ነው። «34 ደቂቃ» የሚል ካያችሁ ለሥራ 20 ደቂቃ አስቡ፤ ባትሪው 30 በመቶ ሲደርስ አውርዱት። ቢያንስ 3 ባትሪ ያዙ፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም።

ተራራማ አገር ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት ሌላም ነገር አለ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከፍታ ድሮኑ ከተነሳበት ቦታ የሚቆጠር ነው እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም። ከሸለቆ አስነስታችሁ «60 ሜትር ላይ ነኝ» ስትሉ ፊት ለፊት ያለው ጉብታ 80 ሜትር ሊሆን ይችላል። ሲግናል ሲቋረጥ ድሮኑ በራሱ የሚመለስበትን ከፍታ በአካባቢው ካለው ጉብታ፣ ዛፍና የመብራት ምሰሶ አስበልጣችሁ ሙሉት።

4. ካሜራው እና ሞዴሉ

ለቤት ሥራ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጂፒኤስ፣ ካሜራውን ሳይነቃነቅ የሚይዝ ባለ ሦስት አቅጣጫ ጊምባል፣ እና ሰፋ ያለ ሴንሰር። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» ተጽፎበት በርካሽ የሚሸጥ የመጫወቻ ድሮን ብዙውን ጊዜ ሦስቱም የሉትም። ነፋስ ሲነካው ይሄዳል፤ ምስሉም ይንቀጠቀጣል።

በስፋት ከሚታወቁት የዲጄአይ ምርቶች መካከል፦

• ሚኒ 2፦ 249 ግራም ነው። ሴንሰሩ ትንሽ ነው፤ በጥሩ ብርሃን ግን ለቴሌግራምና ለፌስቡክ የሚሆን ምስል ያወጣል። ለመማሪያ ይበቃል።

• ሚኒ 4 ፕሮ፦ ይህም 249 ግራም ነው። ሴንሰሩ 1/1.3 ኢንች፣ ፎቶው እስከ 48 ሜጋፒክሰል ነው። በሁሉም አቅጣጫ እንቅፋት ያያል፤ ለቲክቶክ የሚሆን የቁም ቪዲዮም ካሜራውን አዙሮ ይቀርጻል። ለአብዛኛው የቤት ሥራ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

• ኤር 3፦ 720 ግራም ነው፤ ነፋስን ከሚኒዎቹ የተሻለ ይቋቋማል። ሁለተኛው ካሜራው በ70 ሚሊ ሜትር ልክ ያቀርባል። ቤቱን ራቅ ብላችሁ ከኋላው ካለው ተራራ ጋር ለማሳየት ይህ ካሜራ ትልቅ ጥቅም አለው።

• ማቪክ 3 ፕሮ፦ 958 ግራም የሚመዝን፣ ትልቅ ሴንሰር ያለው የባለሙያ ዕቃ ነው። የአንድ ቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ለመሥራት ይህን መግዛት ዶሮ ለማረድ ጎራዴ መምዘዝ ነው።

ስለ ብርሃን አንድ ምክር፦ የቆርቆሮ ጣሪያ እኩለ ቀን ላይ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ቅረጹ፤ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱት። በበጋ ከአቧራ ላይ አታስነሱ፤ ምንጣፍ ወይም ጠፍጣፋ ሰሌዳ አንጥፉ። ከላይ ከጠቀስናቸው ድሮኖች አንዱም ለዝናብ የተሠራ አይደለም።

5. ያገለገለ ስትገዙ

ሻጩ አጠገባችሁ ሆኖ አብርታችሁ እዩት። ጊምባሉ ሲበራ ሳይንቀጠቀጥ ይረጋጋል? ባትሪው ስንት ጊዜ እንደተሞላ አፑ ላይ ይታያል፤ ያበጠ ባትሪ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ድሮኑ ከቀድሞው ባለቤት አካውንት መላቀቁን አረጋግጡ፤ ካልተላቀቀ በስማችሁ ልትጠቀሙበት አትችሉም። ከሁሉም በላይ የገባበትን ወረቀት ጠይቁ። ወረቀት የሌለው ድሮን በግማሽ ዋጋ ቢሸጥም ውድ ነው።

6. ድሮን ባይኖርስ?

የቤት ፎቶ ብዙ ከፍታ አይፈልግም። ለአንድ ፎቅ ቤት ከ5 እስከ 8 ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ የሚታየው ጣሪያ ብቻ ነው። ይህን ከፍታ ያለ ድሮን ማግኘት ይቻላል። የሚረዝም ምሰሶ ጫፍ ላይ ስልክ ወይም ትንሽ ካሜራ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ በሌላ ስልክ በዋይፋይ እያያችሁ አንሱ። ከመብራት ሽቦ ብቻ ራቁ። ከጎረቤት ሰገነት ላይ አስፈቅዳችሁ ማንሳትም ይቻላል።

የዋግ መሬት ደግሞ ራሱ ያግዛችኋል። ከቤቱ ፊት ለፊት ጉብታ ካለ፣ ጠዋት እዚያ ወጥታችሁ በስልካችሁ የማቅረቢያ ሌንስ ያነሳችሁት ምስል ከድሮን ምስል የሚያንስበት ምክንያት የለም። ድምፅ የለውም፤ ማንንም አያስደነግጥም። ቀሪው ገንዘባችሁ ለስልክ ጊምባልና ለቤቱ ውስጥ ቀረጻ መብራት ይውላል። ገዢው ውሳኔውን የሚወስነው ባብዛኛው ውስጡን አይቶ ነው።

7. ምስሉ አይዋሽ

ከላይ ስታነሱ የጎረቤት ግቢ አብሮ ይገባል። የተሰጣ ልብስ፣ የተቀመጠ ሰው፣ የልጆች ፊት ከታየ ቁረጡት ወይም አደብዝዙት። የጦር ካምፕ፣ የፖሊስ ጣቢያ ወይም ኬላ የሚታይበትን ምስል በጭራሽ አትለጥፉ።

የግቢውን ወሰን በቀይ መስመር አስምራችሁ ስትለጥፉም ተጠንቀቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሻጩ የሚያስተላልፈው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ወሰኑን የሚያሳየው ካርታው እንጂ የእናንተ ፎቶ አይደለም። የጎረቤትን አጥር አልፎ የተሰመረ መስመር ውጭ ያለን ገዢ ያሳስታል፣ ሁለት ጎረቤት ያጣላል፣ እናንተንም ለምስክርነት ፍርድ ቤት ያስጠራል።

ባጭሩ፦ ፈቃድ ካላችሁና አካባቢው ሰላም ከሆነ፣ ሚኒ 4 ፕሮና 3 ባትሪ ለሰቆጣ የቤት ሥራ ይበቃል። ፈቃድ ከሌላችሁ ዛሬውኑ በምሰሶና በስልክ ጀምሩ። ደንበኛ የሚከፍላችሁ ለምስሉ ነው፤ በምን እንዳነሳችሁት አይጠይቅም።

ድሮን ለመግዛት እያሰበ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ይህን አጋሩት።