ታቦተ ጽዮን በጣና ቂርቆስ፦ ከክርክሩ ውጭ ስለቀረው የፎገራ አፈር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ ላይ ይገነጠላል፤ አንዱ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይዘልቃል። መንገደኛው ወረታን የሚያውቃት በዚህ መገንጠያ፣ በሩዟና በፎገራ ከብት ነው። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ደለል የሚያነጥፉበት የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ይዘረጋል። ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር አጠገብ የጣና ቂርቆስ ደሴት ገዳም ይገኛል። የገዳሙ አባቶች እንደሚተርኩት ታቦተ ጽዮን ከኢየሩሳሌም ከመጣች በኋላ 800 ዓመት የተቀመጠችው እዚሁ ነው፤ ወደ አክሱም የወሰዳት ክርስትናን የተቀበለው ንጉሥ ኢዛና ነው።

ስለዚህ ትውፊት ብዙ ተጽፏል። አንደኛው ወገን የተጻፈውንና የተነገረውን ሁሉ እንደ ማስረጃ ይቆጥራል፤ ሌላው በቁፋሮ የተገኘ ነገር ስለሌለ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። በእኔ እይታ ሁለቱም አንድ እርምጃ ዘለዋል። ሙግታቸው ማንም ተመራማሪ እጁን ሊያሳርፍበት በማይችለው በታቦቱ ላይ ነው። ሊመረመሩ የሚችሉት የደሴቷና የሜዳው አፈር፣ ትውፊቱ የተጻፈባቸውና የተወረሰባቸው ዘመናትም ጭምር፣ ከሙግቱ ዳር ቀርተዋል። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጣና ቂርቆስ ትውፊት አንድ ብቻ አይደለም። እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደቷ ጊዜ በደሴቷ እንዳረፈች፣ የአክሱም የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን መቃብሩ እዚያ እንደሆነ፣ ቅዱስ ያሬድም በቦታው እንደኖረ ይነገራል። በግቢው ውስጥ ጫፋቸው የተፈለፈለ አጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች አሉ፤ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር የመጡት ሌዋውያን የመሥዋዕት ደም ያኖሩባቸው ነበር ተብሎ ለጎብኚ ይታያሉ። እነዚህን ምሰሶዎች በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቃቸው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ግራሃም ሃንኮክ ነው። በ1992 ባሳተመው መጽሐፉ ደሴቷን ታቦቱ ወደ አክሱም በተጓዘበት መንገድ ላይ ዋነኛ ማረፊያ አድርጎ አቀረባት።

የሃንኮክ ስሌት ጠጋ ብሎ መታየት ያለበት ነው፤ በአገራችን ብዙ አንባቢ እርሱን የትውፊቱ ምስክር አድርጎ ይጠቅሰዋልና። ሰሎሞን የሚታሰበው በ10ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ኢዛና የነገሠው በ4ኛው ምዕተ ዓመት ከልደት በኋላ ነው። በመካከላቸው 13 ምዕተ ዓመት ገደማ አለ፤ የገዳሙ 800 ዓመት ደግሞ ከዚህ ውስጥ 500 ዓመት ያህል ክፍት ይተዋል። ሃንኮክ ክፍተቱን የሞላው ከኢዛና ዘመን 800 ዓመት ወደ ኋላ ቆጥሮ፣ ታቦቱ ጣና የደረሰው በ470 ከልደት በፊት ገደማ ነው በማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረበትን ቦታ ግብፅ ውስጥ ኤሌፋንቲን በምትባለው የአባይ ደሴት አደረገው። በዚያ የይሁዲ ቤተ መቅደስ እንደነበረና በ410 ከልደት በፊት እንደፈረሰ ከፓፒረስ ሰነዶች ይታወቃል። ስሌቱ ያምራል፤ ዋጋው ግን ምኒልክ ነው። ቁጥሩን ከመነኮሳቱ ተቀብሎ፣ ታቦቱን አመጣ ብለው የሚያምኑትን ሰው ጣለባቸው። ይህ ትውፊቱን ማረጋገጥ ሳይሆን ከፍሎ መውሰድ ነው። የትኛው ክፍል ይጸናል፣ የትኛው ይወድቃል የሚለውን የወሰነውም የቁፋሮ ውጤት ሳይሆን የመጽሐፉ ሴራ ፍላጎት ነው።

የሚገርመው፣ ሃንኮክ በሚያነሳው በዚያው ምዕተ ዓመት ከጣና በስተምሥራቅ ሰዎች ምን ያደርጉ እንደነበር በቁፋሮ የተገኘ መረጃ አለ። ጆአን ዶምብሮቭስኪ የተባለች ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻ በያኔው በጌምድር፣ ላሊበላ ዋሻና ናጫቢየት በሚባሉ ቦታዎች ቆፍራ ነበር (ላሊበላ ዋሻ ከዝነኛዋ ከተማ ጋር በስም ብቻ ይገናኛል)። ከታችኛዎቹ ንብርብሮች ገብስ፣ ሽምብራና ሌሎች ጥራጥሬዎች፣ የቤት እንስሳት አጥንትም ተገኝቷል፤ በራዲዮካርቦን የተለካው ዕድሜ በ500 ከልደት በፊት ገደማ ላይ ያርፋል። የፎገራ ገበሬ ዛሬም ሩዙን አንስቶ በእርጥበቱ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ይህ ግኝት ስለ ሌዋውያን የሚለው የለም፤ መኖራቸውንም አለመኖራቸውንም አያስረዳም። ነገር ግን ስለዚያ ዘመንና ስለዚያ አካባቢ የሚነገር ማንኛውም ታሪክ መነሻው እነዚህ ከብት ያረቡ፣ ገብስና ሽምብራ ያመረቱ ሰዎች መሆን ነበረበት። ስለ ታቦተ ጽዮን በተጻፉ ተወዳጅ መጻሕፍት ግን ገበሬዎቹ ቦታ የላቸውም።

ትውፊት በአርኪዮሎጂ ሊፈተን አይችልም የሚለው አባባልም አያስኬድም። ማስረጃው እዚያው ጣና ቂርቆስ መቃብሩ ነው የሚባለው አባ ሰላማ ነው። የእርሱን፣ በሌላ ስሙ የፍሬምናጦስን፣ ታሪክ በ4ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያና በ5ኛው መጀመሪያ አካባቢ የጻፈው ሩፊኖስ ነው። ይህ ጽሑፍ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬ አያጣውም ነበር። ሆኖም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ስለ ፍሬምናጦስ የላከው ደብዳቤ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። በኢዛና ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክበብ በመስቀል ተተክተዋል፤ የድንጋይ ጽሑፎቹም ከአረማዊ አማልክት ወደ አንድ አምላክ ይሻገራሉ። በ2019 ውጤቱ የታተመው የቤተ ሳማቲ ቁፋሮ ደግሞ ከየሃ አቅራቢያ በ4ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ ባዚሊካ አሳይቷል። እዚህ ላይ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ድንጋይና ሕንፃ፣ እርስ በርስ ሳይቀዳዱ፣ በአንድ ዘመን ላይ ተገናኝተዋል። የኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ስለ ጦርነቶቹ በዝርዝር ይናገራሉ፤ ታቦት ከጣና ስለ ማምጣቱ ግን አንድ ቃል የላቸውም። ዝምታቸው የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ምሳሌ አክሱም ዱንጉር ነው። ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚለውን ይህን ፍርስራሽ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ ቆፍሮ፣ በ6ኛው ምዕተ ዓመት ከልደት በኋላ አካባቢ የተሠራ የባላባት መኖሪያ መሆኑን አሳየ። በ2008 የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲው ሄልሙት ዚገርት ከዱንጉር ሥር የንግሥቲቱን ቤተ መንግሥት አገኘሁ ብሎ አወጀ፤ ታቦቱም በዚያ ሳይቀመጥ እንዳልቀረ ጨመረ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ የሙያ ባልደረቦቹ ግን አልተቀበሉትም። ከንግሥቲቱ ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍም ሆነ ከታወቀ ንብርብር የወጣ ቅርስ አልቀረበምና። ስለ ሳባ ጥያቄው ጠንካራ መሠረት ያለው የሃ ላይ ነው፦ በ7ኛው ምዕተ ዓመት ከልደት በፊት ገደማ ለሳባውያን አምላክ ለአልማቃህ የተሠራው ቤተ መቅደስ እስከ 14 ሜትር ከፍታ ቆሞ ይታያል፤ ከአክሱም በፊት የነበረው የደዓማት መንግሥት ነገሥታት የድንጋይ ጽሑፎችም ሳባን ይጠቅሳሉ። ከባሕር ማዶ ጋር የነበረው ግንኙነት አያጠራጥርም። ግንኙነቱን ተሻግሮ ወደ አንዲት ንግሥትና ወደ አንድ የኢየሩሳሌም ጉዞ ለመድረስ ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። በእጃችን ያለው የየሃ ቤተ መቅደስ ዕድሜ ከሰሎሞን ዘመን ሁለት ወይም ሦስት ምዕተ ዓመት ይዘገያል።

ይህ ውዝግብ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ኢያሪኮ ላይ ጆን ጋርስታንግ በ1930ዎቹ የኢያሱን ዘመን የፈረሰ ቅጥር አገኘሁ አለ፤ ካትሊን ኬንየን በ1950ዎቹ ዳግም ቆፍራ ቅጥሩ ከሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ የፈረሰ መሆኑን አሳየች። በሌላ በኩል ዳዊት ፈጽሞ አልነበረም የሚለው ክርክር እያየለ ሳለ፣ በ1993 ቴል ዳን ላይ የተገኘው ከልደት በፊት የ9ኛው ምዕተ ዓመት የአራማይክ ጽሑፍ፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚያነቡት፣ «የዳዊት ቤት» የሚል ሐረግ ይዞ ወጣ። አማኙ ከኢያሪኮ፣ ተጠራጣሪው ከቴል ዳን የሚማረው አለ። በሁለቱም ቦታ ፍርዱን የለወጠው የጋለ ክርክር ሳይሆን ንብርብሩ የታወቀ ግኝት ነበር።

አሁን ወደ ጽሑፉ ታሪክ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ነው የጣና ቂርቆስ ጉዳይ የበለጠ የሚወሳሰበው። ኢትዮጵያውያን የቃል ኪዳኑ ታቦት አለን እንደሚሉ ከሚናገሩት የውጭ ጽሑፎች ቀደምት የሆነው፣ አቡ ሳሊህ ተብሎም የሚጠራው አቡ አል መካሪም በ1200 ዓ.ም. አካባቢ በዓረብኛ የጻፈው ነው፤ ዘመኑ የዛጉዌ ነው። ክብረ ነገሥት በግዕዝ የተዘጋጀው በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ መደምደሚያው መጽሐፉ በ1225 ከቅብጥ ወደ ዓረብኛ ተተረጎመ ይላል። ታቦቷን ወደ ንግሥቲቱ ከተማ ወደ ደብረ ማክዳ ያስገባታል እንጂ በጣና ላይ 800 ዓመት አያስቀምጣትም። እንግዲህ የደሴቷ ትውፊት ከክብረ ነገሥት የተቀዳ አይደለም፤ የራሱ መንገድ አለው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተመው ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በሚያትተው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የጣና ገዳማት የተስፋፉት በተለይ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በደሴቶቹ መካከል ማን ቀዳሚ ነው የሚለው ጥያቄ ክብርም ርስትም የሚያስከትል ነበር። ከክርስትናም በፊት ቅዱስ ነበርኩ የሚል ገዳም በዚህ ፉክክር ውስጥ የሚወዳደረው አይኖርም። ትውፊቱ በዚያ ዘመን ተፈጠረ ለማለት ይህ በቂ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ለመጠናከር ምክንያት እንደነበረው ግን ያሳያል።

ሰንበት፣ ግርዛት፣ የሚበላና የማይበላ ሥጋ፣ የቤተ እስራኤል መኖር፣ እነዚህ ሁሉ ለጥንታዊ የአይሁድ ፍልሰት ማስረጃ ተደርገው ይቀርባሉ። ከሊቃውንቱ መካከል ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ የአይሁዳዊውን አሻራ ጥንታዊነት ሲደግፍ፣ ማክሲም ሮደንሰን አብዛኛው ከብሉይ ኪዳን ንባብ የመጣ መኮረጅ ነው ሲል ተከራከረ። ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ተጋድሎ በኋላ ቀዳሚት ሰንበት በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ መጽደቁን የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ልማድ ብሉይ ስለመሰለ ብቻ ጥንታዊ ነው ለማለት ይቸገራል። እኔ ወደ ሮደንሰን አደላለሁ፤ ነገር ግን በፎገራ ዙሪያ ያለውን ጥያቄ ይህ ክርክር አይፈታውም።

የሚፈታው፣ ከተፈታም፣ አፈሩ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ጥግ ያመጡትን ጭቃ በሜዳው ላይ ያፈሳሉ፤ በ2006 ክረምት ሕዝብ ያፈናቀለው ጎርፍ የዚሁ አሠራር አካል ነው። የሁለት ሺህ ዓመት ሰፈር ቢኖር ዛሬ በደለል ሥር ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። በእግር እየዞሩ የሸክላ ስብርባሪ የመልቀም ጥናት በትግራይ ደጋ ያስገኘውን ውጤት እዚህ አይሰጥም። ስለዚህ «ፎገራ ላይ ምንም አልታየም» የሚለው ቃል ክብደቱ ትንሽ ነው። በትግራይና በኤርትራ ደጋ የተገኙትን የአክሱም ዘመን ቦታዎች ብዛት ከፎገራ ባዶነት ጋር አነጻጽሮ መደምደምም ሚዛናዊ አይደለም፤ አንዱ ክፍት መሬት ነው፣ ሌላው የተሸፈነ። የሐይቁ ዳርም አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም። ሄንሪ ላም እና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት የሐይቅ ወለል ቁፋሮ መሠረት፣ ጣና ከ15,000 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ደርቆ ነበር። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ የውኃውን ከፍታ የሚወስነው በጨራጨራ ያለው ግድብ ነው።

ስለ ምሰሶዎቹም እንዲሁ። ድንጋይ በራዲዮካርቦን አይለካም። የተፈለፈለ ጫፍ ለመሥዋዕት ደም ሊሆን ይችላል፤ ለጸበል፣ ለመውቀጫ ወይም ከፈረሰ ሕንፃ የተረፈ የአምድ መቀመጫም ሊሆን ይችላል። በውቅሮ አቅራቢያ በመቃብር ጋዕዋ የተገኘው የአልማቃህ መቅደስ የመሥዋዕት መጠጥ የሚፈስበት መሠዊያ ከነሳባዊ ጽሑፉ አለው፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን መሠዊያ ምን እንደሚመስል አንገምትም፣ እናያለን። የጣና ቂርቆሶቹን በቅርጽ፣ በድንጋዩ ዓይነትና በመሮ ምልክታቸው ከነዚህ ጋር ማነጻጸር፣ ከሥራቸው ያለውን አፈርና ከሰል መመርመር፣ ታቦቱን ሳይነኩ የሚደረግ ሥራ ነው። ውጤቱ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ናቸው ቢል ትውፊቱን አያፈርስም፤ ምሰሶዎቹን ከምስክርነት ያወጣል። ከልደት በፊት ናቸው ቢል ደግሞ የሃንኮክን ታቦት አያመጣም፤ ከጣና ዳር የማናውቀውን አንድ ጥንታዊ የአምልኮ ቦታ ያሳየናል። ይህም ራሱን ችሎ ትልቅ ግኝት ነው።

ሥራው የት ይጀመር ለሚለው፣ ከደሴቷ ይልቅ ከሜዳው ቢጀመር እመርጣለሁ። ሩዝ ከገባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ወዲህ ማሳው እየተደለደለ፣ ቦይ እየተቆፈረ ነው፤ በርብ ግድብ የሚካሄደው መስኖም የበለጠ አፈር ያገላብጣል። ሽምብራው ከታጨደ በኋላ፣ ክረምት ሳይገባ ባሉት ወራት፣ ከወረታ እስከ ሐይቁ ዳር በመስመር የደለል ናሙና በቱቦ ማውጣት ይቻላል። የተቀበረ የእርሻ አፈር፣ ከሰል፣ የእህል የአበባ ዱቄት በየትኛው ጥልቀትና ዘመን እንደሚገኝ ሲታወቅ፣ ሰው ሜዳው ላይ መቼ እንደሰፈረ፣ የት ቢቆፈር እንደሚሻልም ይታወቃል። ስለ ቅርስ ጥናትና ጥበቃ በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ለእንዲህ ያለ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። በደሴቷ ላይ ደግሞ ከፈቃዱ በፊት የገዳሙ አባቶች ይሁንታ ያስፈልጋል፤ እነርሱም ታቦቱ እንደማይነካ፣ ውጤቱም ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ ለእነርሱ በአማርኛ እንደሚነገራቸው በጽሑፍ ሊረጋገጥላቸው ይገባል።