አበቅቴ ሲደመር መጥቅዕ

ሰሌዳው ላይ ኤፍ ኦፍ ኤክስ ሲጻፍ «ይሄ ደግሞ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እስቲ ለአፍታ ወደ ደቡብ ጎንደር እንውጣ። ከደብረ ታቦር አለፍ ሲሉ ጋይንት ነው፤ የድጓው ቤተልሔም፣ የዝማሬው ዙር አምባ ያሉበት አገር። በአብነት ትምህርት ከዜማው ጎን ባሕረ ሐሳብም አለ፤ ቀናቸው በየዓመቱ የሚለዋወጥ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ስሌት። (ቡሄ፣ ማለትም የደብረ ታቦር በዓል፣ ከዚህ ነጻ ነው፤ ሁሌም ነሐሴ 13። በሒሳብ ቋንቋ «ኮንስታንት» ይሉታል።)

2017 ዓ.ም.ን እንሞክር። 5500 ሲጨመርበት 7517፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ተቀንሶ ወንበሩ 11። ወንበርን በ11 አባዙና 30 ግደፉ፣ ማለትም 30ን እየደጋገማችሁ አውጡ፤ ከ121 የሚተርፈው 1 አበቅቴ ነው። በ19 ስታባዙት ደግሞ ከ209 የሚተርፈው 29 መጥቅዕ ነው። ደምሯቸው፤ 30! የፈለጋችሁትን ዓመት ውሰዱ፣ ድምሩ ከ30 ንቅንቅ አይልም፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና። ኤክስ ሲደመር ዋይ እኩል ይሆናል 30 ማለት እኮ ይኸው ነው። አንዱን ያወቀ ሌላውን ለማግኘት መቀነስ ብቻ ይበቃዋል። ነጥቦቹን ግራፍ ላይ ብታስቀምጡ ሁሉም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሰለፋሉ።

ቀጥሉ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓሉ መስከረም 29 ዋለ፤ ዕለቱ ረቡዕ፣ የረቡዕ ተውሳክ 4። 33 ሲገደፍ 3፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። ፋሲካ ሁልጊዜ ከነነዌ 69 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሚያዝያ 12። የዋለውም ያን ቀን ነው።

ፈንክሽን የሚባለውም እዚሁ ውስጥ አለ። ሁለት ዓመታት አንድ የፋሲካ ቀን ሊጋሩ ይችላሉ፤ አንድ ዓመት ግን ሁለት ፋሲካ የለውም። ኤፍ የሚባለው ስሌቱ ነው፣ ኤክስ ዓመቱ፣ ኤፍ ኦፍ ኤክስ ደግሞ የሚወጣው ቀን።

«አልጀብራን እኛ ፈጠርነው» ለማለት ግን አትቸኩሉ። ዴካርት ኤክስና ዋይን መጽሐፉ ላይ ያሰፈረው በ1637 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ስሌቱን በግእዝ ቃል እንጂ በምልክት አልያዙትም። ባሕረ ሐሳብም ከእስክንድርያ የመጣ ነው፤ ትውፊቱ ለፓትርያርኩ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። የእኛ ድርሻ መጠበቁ ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጥንቱን የእስክንድርያ የፋሲካ ስሌት መልሶ ለመገንባት የተደገፈው በግእዝ ብራናዎች ላይ ነበር።