የቆሰለው አጋዘን የሰው መሬት ሲገባ፦ የአደን ሥርዓት በሸሪዓና በአሜሪካ ሕግ



ጥቅምትና ኅዳር በመጡ ቁጥር አሜሪካ ካሉ ወንድሞች፣ በተለይም ከቨርጂኒያና ከሚኒሶታ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰናል። ሰውየው የአደን ፈቃድ አውጥቷል፤ ባለቤቱ በፈቀደለት መሬት ላይ ቆሞ ቢስሚላህ ብሎ አጋዘን መትቷል። አጋዘኑ ግን እዚያው አልወደቀም። አጥር ዘሎ የማያውቀው ሰው መሬት ገብቷል። ደሙ እስከ አጥሩ ድረስ ይታያል፤ ከአጥሩ ወዲያ ጫካ ነው፤ ፀሐይም እየጠለቀች ነው። ገብቶ ይፈልገው? ትቶት ይሂድ? ነገ ሞቶ ቢያገኘውስ ሥጋው ሐላል ነው?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የእንስሳው ሐቅ፣ የባለ መሬቱ ሐቅና የአዳኙ ሐቅ በአንድ ቦታ ተገናኝተውበታል። አንዱን ለመጠበቅ ሲሉ ሌላውን መጣስ ቀላል ነው። ስለዚህ ዓሊሞች የጻፉትንና የአገሩ ሕግ የሚለውን ጎን ለጎን አድርገን አቅርበናል። ጽሑፉ ፈትዋ አይደለም። የተለየ ሁኔታ ያጋጠመው ሰው በአካባቢው ያለ ዓሊም ይጠይቅ።

የአደን መነሻ

አደን በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። ሱረቱል ማኢዳህ ውስጥ ስለ ሠለጠኑ አዳኝ እንስሳትም፣ በኢሕራም ላይ ላለ ሰው የየብስ አደን ስለመከልከሉም ተደንግጓል። ሕይወት ያለውን ፍጡር የተኩስ መለማመጃ ማድረግ ግን ክልክል ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ወጣቶች ወፍ አስረው ፍላጻ ሲወረውሩበት አይተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን የሚያደርገውን ሰው መርገማቸውን ነግረዋቸዋል። ሐዲሡ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘንድ አለ።

ስለ አደን ከምናውቀው ሕግ ብዙው የመጣው ከጦይእ ጎሣ ከሆኑት ከዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) ጥያቄዎች ነው። እሳቸው ራሳቸው አዳኝ ነበሩና የጠየቁት ሜዳ ላይ የሚያጋጥመውን ነው፦ ውሻዬ ከሌላ ውሻ ጋር ተቀላቅሎ ባገኘውስ? ፍላጻዬ በጎኑ ቢመታስ? ከመልሶቹ የምንረዳው መሣሪያው በስቶ የገደለው እንደሚበላ፣ በክብደቱ ቀጥቅጦ የገደለው ግን እንደማይበላ ነው። ጥይትም የታየው በዚሁ ሚዛን ነው። የቀደሙት ፉቀሃእ በጭቃ ድብልብል የተመታን አውሬ የከለከሉት ድብልብሉ ስለማይበሳ ነው። ባሩድ ከመጣ በኋላ ግን የየመኑ ዓሊም አሽ-ሸውካኒ ጥይት በስቶ ስለሚገባ ያደነው ሐላል ነው ብለዋል፤ አብዛኞቹ የዘመናችን ዓሊሞችም በዚሁ ሄደዋል። ከሐነፊዮች መካከል በሕይወት ተደርሶበት ካልታረደ አይበላም የሚሉ አሉ።

ቢስሚላህን በተመለከተ፣ ሻፊዒዮች ዘንድ ሱና ነው። ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ዘንድ ግዴታ ሆኖ የረሳ ሰው ይታለፋል። ሐንበሊዮች ደግሞ በአደን ላይ የረሳውንም አያልፉትም። የሚባለው ቃታው ሲሳብ ወይም ፍላጻው ሲለቀቅ ነው።

የቆሰለ አውሬ ባለቤት አለው

በዚህ ርእስ ላይ የበለጠ የሚነግረን በኢማም ማሊክ ሙወጦእና በነሳኢ የተዘገበ አንድ ክስተት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኢሕራም ሆነው ወደ መካ ሲጓዙ ረውሓእ የተባለ ቦታ ላይ የቆሰለ የዱር አህያ ተገኘ። ሶሓባዎች ሲነግሯቸው፣ ተዉት፣ ባለቤቱ ሊመጣ ይችላል የሚል መልስ ሰጧቸው። ብዙም ሳይቆይ ያቆሰለው ሰው አል-በህዚይ ደረሰና አህያውን እንደፈለጉ እንዲያደርጉት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰጠ። እሳቸውም አቡበክርን (ረ.ዐ) አዝዘው ለተጓዦቹ አከፋፈሉት። ጉዞው ሲቀጥል ደግሞ ፍላጻ የተሰካባት ሚዳቋ ጥላ ሥር ተኝታ ተገኘች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዉ ሁሉ እስኪያልፍ ማንም እንዳይነካት አንድ ሰው አጠገቧ አቆሙ።

ብዙ ሕዝብ በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ ባለቤቱ በሌለበት፣ ለቆሰለ አውሬ ዘብ ቆመለት። ቁስሉ የአዳኙ ምልክት ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው። ፉቀሃእም አውሬን ማምለጥ እንዳይችል አድርጎ ያቆሰለ ሰው ባለቤቱ ይሆናል ይላሉ። ቁስሉ ቀላል ሆኖ አውሬው መሮጥና ማምለጥ ከቻለ ግን እንደማንኛውም የዱር እንስሳ ነው፤ ሌላ ሰው ቢይዘው የያዘው ሰው ነው። የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ላይ ደግሞ ለጉዳያችን የሚቀርብ ሌላ ነጥብ አለ፦ አውሬ በሰው መሬት ጭቃ ውስጥ ተይዞ ቢቀር፣ መሬቱ የእሱ ስለሆነ ብቻ ባለ መሬቱ የአውሬው ባለቤት አይሆንም።

የሚገርመው የአሜሪካ ፍርድ ቤትም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር መናገሩ ነው። በ1805 ኒው ዮርክ ውስጥ ፖስት የሚባል ሰው ቀበሮ በውሾች ሲያሳድድ፣ ፒርሰን የሚባል ሌላ ሰው ከፊቱ ቀድሞ ገደለና ወሰደበት። ፍርድ ቤቱ ማሳደድ ብቻውን ባለቤት አያደርግም ብሎ ለፒርሰን ፈረደ። ለሞት በሚያበቃ ቁስል ያቆሰለና ማሳደዱን ያልተወ ሰው ግን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል በዚያው ፍርድ ላይ ተመልክቷል። እስከ ዛሬ የሕግ ተማሪዎች በመጀመሪያ ዓመታቸው ይማሩታል።

የአጋዘኑ ባለቤት መሆን ግን በሰው መሬት የመግባት ፈቃድ አይደለም። ብዙ ወንድሞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እኛ ያደግንበት አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ጫካን የአንድ ሰው ግቢ አድርጎ ማሰብ ይከብደናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ሰው አልባ የሚመስለው ጫካ አብዛኛው የአንድ ሰው ንብረት ነው። ዛፍ ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለምም «አትግቡ» ከሚል ጽሑፍ እኩል ሊቆጠር ይችላል።

ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል

በቨርጂኒያ ሕግ አንቀጽ 18.2-136 ላይ አዳኞች ያለ ፈቃድ የሰው መሬት ስለሚገቡበት ሁኔታ ተጽፏል፤ በአዳኞች መካከል የሚወራው ወሬ ምንጩም ይህ ነው። ሆኖም አንቀጹን በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል። ማሳደዱ ከሌላ መሬት የተጀመረ ከሆነ ቀበሮና ራኩን የሚያድኑ ሰዎች ውሾቻቸውን ተከትለው እንዲገቡ ይፈቅዳል። ሌሎች አዳኞች የሚገቡት ውሾቻቸውን ወይም ጭልፊቶቻቸውን ለማምጣት ብቻ ነው፤ ያውም ጠመንጃና ቀስት ሳይዙ። የቆሰለ አጋዘን ለማምጣት የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ አጋዘን ተከትሎ ለመግባት የባለ መሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል የዚያው ግዛት ደንብ ያቆሰሉትን አውሬ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ሳያደርጉ መተውን ይከለክላል። እንግዲህ ዝም ብሎ መግባትም ዝም ብሎ መተውም ጥፋት ነው፤ የቀረው መንገድ ሄዶ ማስፈቀድ ነው። በገመድ የተያዘ ዱካ ተከታይ ውሻ መጠቀም ይቻላል፤ ለዚህም ቢሆን ወደ መሬቱ የመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሚኒሶታ ትንሽ ለቀቅ ያለ ነው። «አትግቡ» የሚል ምልክት ባልተለጠፈበት የእርሻ መሬት በሕጋዊ መንገድ ያቆሰሉትን አውሬ ለማምጣት በእግር መግባት ይፈቀዳል፤ አንስቶ ወዲያውኑ መውጣት ግን ግዴታ ነው። ባለቤቱ አትግባ ካለ ወይም ውጣ ካለ ነገሩ አበቃ። በሌላ ግዛት ያላችሁ የግዛታችሁን የዘንድሮ የአደን መመሪያ ተመልከቱ። ጓደኛ የነገራችሁ የሌላ ግዛት ሕግ ሊሆን ይችላል።

ነገ የተገኘው ሥጋ

ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) ይህንንም ጠይቀዋል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የተገኘ አውሬ ላይ ከራስ ፍላጻ ሌላ ምልክት ከሌለ መብላት ይቻላል። ውሃ ውስጥ ሞቶ ከተገኘ ግን አይበላም፤ የገደለው ፍላጻው ይሁን ውሃው አይታወቅምና። አቡ ሠዕለባ አል-ኹሸኒ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት የሙስሊም ዘገባ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ የተገኘም ካልሸተተ ይበላል።

መዝሀቦች ከዚህ ተነሥተው ይለያያሉ። ሐነፊዮች አዳኙ ፍለጋውን ሳያቋርጥ ካገኘው ይበላል፣ ተቀምጦ ቆይቶ ካገኘው ግን አይበላም ይላሉ። በሻፊዒዮች ዘንድ ሁለት አቋም አለ። ሚንሃጅ ላይ የተመረጠው ከዐይን ተሰውሮ ሞቶ የተገኘውን የሚከለክለው ሲሆን፣ ራሳቸው ኢማም ነወዊ በሌሎች ኪታቦቻቸው በሐዲሡ ምክንያት የሚፈቅደውን አጠናክረዋል።

ልምድ ያላቸው አዳኞች የሚመክሩት ነገር ከዚህ ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ደሙ ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ጥይቱ ሳንባ አግኝቷል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቆ መከተል ይበቃል። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ የሚሸት ፈሳሽ ካለ ግን ሆድ ዕቃው ተመትቷል። ወዲያው ካሳደዱት ኪሎ ሜትሮች ሊሮጥ ይችላል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከተዉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ቦታ ተኝቶ ይሞታል። ታዲያ ይህ መጠበቅ «መቀመጥ» ነው? በእኛ አረዳድ እንስሳውን ለማግኘት ተብሎ የሚደረግ መጠበቅ ቤት ገብቶ ከመርሳት ይለያል። ሐነፊ የሆነ ሰው ግን ከወቅቱ በፊት ዓሊሙን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ሌሊቱን ያደረ ሥጋ ሊበላሽ እንደሚችልም አትርሱ።

በሕይወት ከደረሳችሁበት ጉዳዩ ሌላ ነው። መሮጥ አቅቶት ተኝቶ፣ ነፍሱ ግን ገና የጸናች ከሆነ፣ ማረድ ግዴታ ነው። አሜሪካውያን አዳኞች በተለምዶ የሚተኩሱት የመጨረሻ ጥይት በዚህ ጊዜ የእርድን ቦታ አይተካም። ቢላዋ ስላልያዘ ሳያርደው የሞተበት ሰው ሥጋው አይበላለትም። ተነሥቶ ሊያመልጥ ወይም ሰው ሊጎዳ የሚችል ከሆነ ግን ገና በእጅ አልገባምና ሁለተኛው ጥይት እንደ አደን ይቆጠራል። የተሳለ ቢላዋ ከጥይቱ እኩል ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው። በሕይወት እያለ ተቆርጦ የተወሰደ የአካል ክፍል ደግሞ እንደ በክት ነው።

አጥሩ ጋ ስትደርሱ

መጀመሪያ ቁሙ። የመጨረሻው ደም የታየበት ላይ ጥብጣብ ወይም መሐረብ እሰሩ፤ አጋዘኑ የሄደበትን አቅጣጫ ከሩቅ ዛፍ ጋር አስተያዩ፤ በስልካችሁ ቦታውን መዝግቡ። ከዚያ ጠመንጃውን አራግፋችሁ መኪና ውስጥ ቆልፉበትና ወደ ባለ መሬቱ ቤት ሂዱ። መሣሪያ ይዞ በማታ የማያውቁትን ሰው በር ማንኳኳት ለማንም አደገኛ ነው፤ ለጥቁር ሰው ደግሞ የበለጠ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በገጠር ብርቱካናማውን የአደን ሰደርያ አለማውለቅ ይረዳል፤ ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደመጣችሁ ከሩቅ ይናገራል። በር ካንኳኳችሁ በኋላ ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ማን እንደፈቀደላችሁ፣ የት ሆናችሁ እንደመታችሁ፣ አጋዘኑ በየት እንደገባ በአጭሩ ንገሩት። ለማረድ ቢላዋ እንደምትይዙ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ከፈለገም አብሯችሁ እንዲሄድ ጋብዙት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከወቅቱ በፊት፣ በቀን፣ ጎረቤት የሆኑትን ባለ መሬቶች ሄዶ መተዋወቅ ነው። ስልክ ቁጥር ከተለዋወጣችሁ ያ ሁሉ የማታ ጭንቀት በአንድ ጥሪ ያልቃል። ድንበር አጠገብ አለመቀመጥ፣ ከትከሻው ኋላ ልብና ሳንባው በግልጽ ካልታየ አለመተኮስ፣ ሩጫ ላይ ያለን አለመምታት እንስሳውን ከሥቃይ፣ እናንተንም ከአጥሩ ያድናችኋል። በሙስሊም ዘገባ ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ እርድን ስለማሳመርና ስለቱን ስለመሳል የሚናገረው ሐዲሥ ለአዳኝም ነው።

ባለ መሬቱ እምቢ ካለ አትከራከሩት። የግዛቱን የዱር እንስሳት ጥበቃ ፖሊስ ደውላችሁ ንገሩ፤ መኮንኑ ባለ መሬቱን ሊያነጋግርላችሁ ይችላል፤ የደወላችሁበት ሰዓትም ጥረት ለማድረጋችሁ ማስረጃ ነው። ከዚያም በኋላ እምቢ ካለ አጋዘኑን ትታችሁ ሂዱ፤ ሐቃችሁ ቢሆንም በስርቆት መንገድ አይወሰድም። ከፈቀደላችሁ ደግሞ የረገጣችሁትን አጥር አስተካክሉ፣ ሆድ ዕቃውን ሜዳው ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ከሥጋውም ድርሻ ወስዳችሁ ስጡት። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ሰው ዘንድ ለራሱ መሬት የአደን ፈቃድ ያገኙ ወንድሞች እናውቃለን።

ወላሁ አዕለም።