ቆሼና የአካባቢ ምርጫ

ቋንቋችን አንዳንድ ጊዜ ከፖለቲከኞቻችን የበለጠ አስተዋይ ነው። «የአካባቢ ምርጫ» ስንልም «የአካባቢ ጥበቃ» ስንልም ቃሉ አንድ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ግን በታሪካችን እምብዛም ተገናኝተው አያውቁም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚያዝያ 2000 ላይ በምኖርበት ቀበሌ አዳራሽ ዕጩዎች ከነዋሪው ጋር ሲተዋወቁ ተገኝቼ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ በሬ ላይ ያለው ገንዳ ሞልቶ ከፈሰሰ ሳምንቱ ነው፤ ከተመረጣችሁ ማን ያነሣልናል?» ሲሉ ጠየቁ። መልስ ሰጪው ስለ ልማት በሰፊው አብራሩ፤ ስለ ገንዳው ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። ተጨበጨበና ተበተንን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ለመሆኑ የገንዳው ጥያቄ ለቀበሌ መቅረቡ ስሕተት ነበርን? በፍጹም። ቀበሌ የተወለደው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው በሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት የተሰጠው ተግባር ለኑሮ የቀረበ ነበር፤ መንገድ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ። ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ ቀበሌ የዘብና የእስር ቤት ሌላ ስም ሆነ። ነዋሪው ቀበሌን መፍራትን እንጂ መጠየቅን አልተማረም።

ሕጉስ? ሕግ አልጎደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። በ1989 የአካባቢ ፖሊሲ ጸደቀ። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲያወጡም ሲያስፈጽሙም የታችኛውን የአስተዳደር እርከንና የየአካባቢውን ነዋሪ እንዲያሳትፉ አዘዘ።

አዋጁ ሲወጣ ግን አዲስ አበባ የተመረጠ ምክር ቤት አልነበራትም። በ1997 ቅንጅት ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ቢያሸንፍም ምክር ቤቱ ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ ከተማይቱም ከ1998 ጀምሮ በባለአደራ አስተዳደር ትመራ ነበር። በ2000 ምርጫው ሲመጣ ኅብረትና ኦፌዴን ወከባ ደርሶብናል ብለው ራሳቸውን አገለሉ። በአንድ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 የሚደርስ መቀመጫ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በአብዛኛው ቀበሌ ግን ብርቱ ተፎካካሪ አልነበረም። ሦስት መቶ ሰው ተመርጦ አንድ ተጠያቂ ሲጠፋ፣ የእኒያን እናት ገንዳ ማን ያንሣው?

ፍትሐዊ እንሁንና፣ ገዢው ፓርቲ ምንም አልሠራም አልልም። ወጣቶችን አደራጅቶ ቆሻሻን ከየቤቱ ማሰባሰቡ ጠቅሞናል። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይደለም። እኛ የተማርን ነን ባዮች በዚያ ዘመን የተከራከርነው ስለ ቤተ መንግሥቱ እንጂ ስለ ገንዳው አልነበረም። ከደጃችን የተነሣው ቆሻሻ ወዴት እንደሚሄድ ማን ጠየቀ?

የሚሄደው ወደ ቆሼ ነበር። በ2008 ሰንዳፋ ላይ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ሥራው ተቋረጠ። አርሶ አደሮቹ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ድምፅ አይሰጡም፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን ወደ እነርሱ ተልኮ ነበር። መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ከዚያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ሌሊት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲከመር የኖረው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ቀበረ። ከነቤታቸው፣ ከነልጆቻቸው። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በ2010 በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ሊካሄድ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ግን ተራዘመ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። ቆሼ በአንድ ሌሊት አልተናደም፤ ሳይጠየቅ ባለፈ በእያንዳንዱ ምርጫ ጥቂት ጥቂት ሲናድ ነበር። እንግዲህ ዕጩ ነኝ የሚል ሰው በራችን ሲመጣ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ሦስት ጥያቄ እናቅርብለት፦ ቆሻሻችን የት ይደርሳል? በዚያ ማን ይኖራል? ለዚህስ ምን ያህል በጀት ይዘሃል? መልስ ከሌለው፣ እኔ ያን ቀን እንዳደረግሁት አናጨብጭብ።

ቸር ይግጠመን።